የመንን «ገዛናት» እንጂ መች አወቅናት?

ባለፈው ሰሞን አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ነበርኩ። መጽሐፉ የግጥም መድበል ነው፤ ጨዋታው ግን እንደ ልማዳችን ከግጥም ወደ ታሪክ፣ ከታሪክ ወደ ፉከራ ለመሻገር አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ብድግ አሉና በዓረብ አገር ስለሚንገላቱት እህቶቻችን ጥቂት ካዘኑ በኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለመሆኑ ዓረቦች እነማን ሆነው ነው? የመንን እኮ ገዝተናል!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ያቆሙኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባው የሚጠጋ፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉ የአዲስ አበባ ሰው። አላጨበጨቡም። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ በየትኛው እጄ ነው የማጨበጭበው?» አሉኝ።

አባታቸው ጉለሌ ሱቅ የነበራቸው የየመን ሰው፣ እናታቸው ደግሞ የመንዝ ሴት መሆናቸውን የነገሩኝ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ዐረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች። ስንት ጊዜ ሰምተናታል! በሻይ ቤት፣ በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት፣ በልቅሶ ቤት ድንኳን ሳይቀር። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ክፉ ወሬ በመጣ ቁጥር ከኪሳችን እናወጣታለን፤ ቁስላችን ላይ እንደ ቅባት እናሻታለን። እኔ ግን ዛሬ የምለው ይህን ነው፦ «የመንን ገዝተናል» ማለት ታሪክ ማወቅ ሳይሆን ታሪክን ላለማወቅ ያበጀነው መሸሸጊያ ነው። አንድን ጎረቤት ሕዝብ ከነሦስት ሺህ ዓመት ኑሮው ያስረሳን፣ የገዛ ወገኖቻችንንም ያስካደን ይኸው ፉከራ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. የተባለባቸው ሲቀሩ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፉከራው ሒሳብ

መቼም ፉከራ ሒሳብ አይወድም፤ እስቲ እኛ እናስላው። በ523 የሒምያር ንጉሥ ዩሱፍ፣ የዓረብ ታሪክ ዙ ኑዋስ የሚለው፣ የአይሁድን ሃይማኖት የያዘው ንጉሥ፣ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ፍጅት ፈጸመ። አፄ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግረው ድል አደረጉትና ሱሙያፋ የተባለ ክርስቲያን አንግሠው ተመለሱ። ልብ በሉ፤ ያነገሡት የዚያኑ አገር ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ እዚያ የቀረው ሠራዊት ዐመፀና ሱሙያፋን አውርዶ አብርሃ የተባለውን የጦር ሰው በቦታው አስቀመጠ። ካሌብ ይህን ለመቅጣት ሦስት ሺህ ጦር ላኩ። በዚያው ዘመን የኖረው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዎስ እንደሚነግረን፣ የተላከው ጦር አገሩን ወደደውና አዛዡን ገድሎ ከአብርሃ ጋር ተደባለቀ። ሁለተኛ ጦር ተላከ፤ እሱም ተሸነፈ። አብርሃ ለአክሱም ለመገበር የተስማማው ካሌብ ካለፉ በኋላ ነው፤ ይህም ሥልጣኑን ለማጽናት ሲል በገዛ ፈቃዱ ያደረገው ነው። በ570ዎቹ ደግሞ ሰይፍ የተባለው የየመን መስፍን የፋርስን ጦር ጠርቶ አመጣና የአብርሃ ልጆች አገዛዝ አከተመ።

እንግዲህ ደምሩት። ሁሉም ተጠቃሎ ሃምሳ ዓመት ነው። ከዚህ ውስጥ የየመን ትእዛዝ በእርግጥ ከአክሱም የወጣበት ጊዜ ዐሥር ዓመት ቢሞላ ነው። የቀረው የአብርሃና የልጆቹ ነው፤ አብርሃ ደግሞ በንጉሡ ላይ የሸፈተ ሰው ነው።

አብርሃ ራሱን ማን ብሎ ይጠራ ነበር? መልሱ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። በ6ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የማሪብ ግድብ ሲናድ አብርሃ አስጠገነውና ሥራውን የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ አስቀረጸ። የተጻፈው በሳባ ቋንቋ ነው። ማዕረጉም የሒምያር ነገሥታት ይጠሩበት የነበረው የዚያው አገር ማዕረግ ነው፤ የሳባ፣ የዙ ረይዳን፣ የሐድረመውትና የየማናት ንጉሥ። በጽሑፉ ውስጥ ሊጎበኙት ስለመጡት መልእክተኞች ሲዘረዝር የሮምን ይጠራል፣ የፋርስን ይጠራል፣ የነጋሢውንም ይጠራል። የአክሱም ክብር በጽሑፉ ባይጓደልም፣ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኛ ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞች እኩል ተሰልፎ ነው የምናየው። ለመሆኑ ገዢ ለተገዢው አምባሳደር ይልካል እንዴ?

እርግጥ ነው፣ ከካሌብ ሦስት መቶ ዓመት በፊትም የአክሱም ነገሥታት በየመን ጦርነት ውስጥ ገብተዋል። ኢዛናም በ4ኛው መቶ ዓመት በማዕረጉ ላይ ሒምያርንና ሳባን ደርድሯል። ነገር ግን በዚያው ዘመን ሒምያር በራሷ ነገሥታት ትተዳደር ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት መቼ እንደተጀመረ ባላውቅም ለዚህ ማዕረግ ግን ልክክ ይላል።

የማንፎክርባቸው ገዢዎች

አሁን ደግሞ ለፎካሪዎቻችን አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ናጃሕ የሚባል ስም ሰምተው ያውቃሉ?

በየመን ምዕራባዊ ቆላ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ ዘቢድ የምትባል ከተማ አለች። ለዘመናት የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች፤ ከ1993 ጀምሮም በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በ1022 በዚህች ከተማ ሥልጣን የያዘው ናጃሕ ከሐበሻ ምድር በባርነት የሄደ ሰው ነው። ባሪያ ወታደር ሆኖ አደገና ጌቶቹ ሲዳከሙ መንግሥቱን ያዘ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ፣ በመሐል ተቀናቃኞቻቸው እየነቀሏቸው እንደገና እየተመለሱ፣ እስከ 1158 ድረስ ገዙ። መቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት! የካሌብና የአብርሃ ዘመን ተደምሮ የዚህን ግማሽ አይሞላም።

ታዲያ በየትኛው አዳራሽ ነው «ናጃሕ የእኛ ነው» ተብሎ ሲጨበጨብ የሰማነው? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ምክንያቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ናጃሕ ባሪያ ነበር፤ የሸጠውም የገዛ አገሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያንን ማስታወስ ደግሞ ያሳፍራል። ናጃሕ ሙስሊም ነበር፤ የእኛ የፉከራ መዝገብ ሙስሊም ሐበሻ ሲገባበት ብዕሩ ይነጥፋል። ናጃሕን የላከው ንጉሥም የለም። ፉከራችን ዘውድና ነጋሪት ይፈልጋል፤ ታንኳ ላይ ታስሮ ተሻግሮ በዕውቀቱና በጉልበቱ የነገሠ ሰው አያስደስተውም። ይኸው እንግዲህ! «የመንን ገዝተናል» የምንለው ለታሪክ ተቆርቁረን ቢሆን ኖሮ በቅድሚያ የምንጠራው ናጃሕን በሆነ ነበር። የምንወደው ዙፋኑን ነው።

ደግሞስ መግዛት መኩሪያ ከሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ፋርስ የመንን ገዝታለች። ቱርክ ሁለት ጊዜ ገብታ ሁለት ጊዜ ወጥታለች። እንግሊዝ ዓደንን ከ1839 እስከ 1967 ይዛ ኖራለች። ግብፅ ከ1962ቱ አብዮት በኋላ እስከ ሰባ ሺህ የሚደርስ ጦር ልካ ከየመን ተራሮች ጋር ስትታገል ከርማ ተመልሳለች። እኛ በዚህ ሰልፍ ጭራ ላይ ተራችንን ጠብቀን የምንቆመው ምን ልናገኝ ነው? ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ዛሬ በሮም አንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ሐበሾች እነማን ሆነው ነው? አዲስ አበባን እኮ ይዘናት ነበር!» ቢሉና ቢጨበጨብላቸው ደማችን አይፈላም? ጣልያን እዚህ የቆየው አምስት ዓመት ነው። ካሌብ የዘመቱት የተበደሉ ክርስቲያኖችን ለመታደግ ነው ብሎ የሚለየውን ሰው እሰማዋለሁ፤ ልዩነት አለው። ግን ያ ሰው የሚኮራው በመታደጋቸው ከሆነ «ታድገናል» ይበል እንጂ ስለምን «ገዝተናል» ይላል?

ሀሁ ያስቆጠረን ጎረቤት

ከሃምሳ ዓመቱ በፊትና በኋላ ያለችው የመንስ? እሷን ማን ይጠይቃት?

በየሰፈሩ የፊደል ገበታ ፊት ተቀምጠን «ሀ ለ ሐ መ» ስንል ያደግን ሰዎች፣ ያ ቅደም ተከተል በጥንታዊት ደቡብ ዓረቢያም እንዲሁ ይባል እንደነበረ ስንቶቻችን ተነግሮናል? የግዕዝ ፊደል የዘር ሐረግ ከሳባ ፊደል ይመዘዛል። የሓ ላይ ዛሬም ቆሞ የሚታየው ቤተ መቅደስ የሳባውያን አምላክ ለነበረው ለአልመቃህ የታነጸ ነው። ዱሮ አንዳንድ የውጭ ምሁራን ይህን ይዘው ሥልጣኔያችን ሁሉ ከባሕር ማዶ በሻንጣ የመጣ አስመስለው ጽፈዋል፤ ያም ስሕተት ነበር። ከየሓና ከአካባቢዋ በቁፋሮ የወጣው ሁሉ የሚያሳየው አገሬው የራሱ ኑሮ የነበረው መሆኑን፣ ከማዶ የመጣውንም ተቀብሎ በራሱ መንገድ ያበጀው መሆኑን ነው። ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል። ነውሩ እሳቱን መውሰድ ሳይሆን እሳት የሰጠንን ጎረቤት «ገረዴ ነበረች» ማለት ነው።

የማሪብን ግድብ ተመልከቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ የተሠራ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ የክረምቱን ጎርፍ ገድቦ በበረሃ ዳር እርሻ ያለማ ሥራ ነው። ተሰበረ፣ ተጠገነ፣ ተሰበረ፣ ተጠገነ፤ ከሺህ ዓመት በላይ አገለገለ። ሲቆፍር፣ ሲክብ፣ ሲጠግን የኖረው የየመን ገበሬ ነው። ዛሬም የዚያ ገበሬ ልጅ ተራራውን እስከ ጫፉ በእርከን አልብሶ ያርሳል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው የመን ሄዶ እንግዳ አይሆንም።

ቡናስ? ተክሉ የእኛ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በ15ኛው መቶ ዓመት ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት እየጠጡ ቡናን ለዓለም ያስተዋወቁት የየመን ሱፊዎች ናቸው፤ የሞካ ወደብ ስም ዛሬ በየካፌው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውም በዚሁ ሰበብ ነው። አውሮፓውያን ፍሬውን ወስደው በጃቫና በሌሎች ቅኝ ግዛቶቻቸው እስኪያበቅሉት ድረስ የዓለም የቡና ገበያ በየመን እጅ ነበር።

«የዓረብ ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ናት» እያልን ከንፈር እንመጣለን። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት የመንን የገዛችው ንግሥት አርዋ ናት። ከተማዋን ጂብላ አድርጋ እስከ 1138 ድረስ ኖራለች፤ ስሟም በዓርብ ጸሎት ከሚንበር ላይ ይጠራ ነበር። በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው የመጀመሪያዋ የዓረብ ሴት ተወከል ካርማንም የመናዊት ናት።

ዓረብ ሁሉ ነዳጅ ነው የሚለውም ከዚሁ አለማወቅ የመጣ ነው። የመን ከዓረብ አገሮች ሁሉ ድሀዋ ናት። ልጆቿ እንደ እኛ ልጆች ለሳዑዲ ጉልበታቸውን ሲሸጡ ኖረዋል፤ እንደ እኛም ተባረዋል። በኅዳር 1990 በጸጥታው ምክር ቤት ኢራቅን በጦር ኃይል ከኩዌት ለማስወጣት የቀረበውን ውሳኔ ከተቃወሙት ሁለት አገሮች አንዷ የመን ነበረች፤ ሁለተኛዋ ኩባ ናት። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ለድጋፍ እጁን አውጥቷል። በኢራቅ ጉዳይ ማን ትክክል እንደነበረ ለመፍረድ አልመጣሁም። የመን የከፈለችውን ዋጋ ግን ልናውቅ ይገባል፦ ሳዑዲ በዚያ ቀውስ ሰበብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የየመን ሠራተኞችን አባረረች። በ2013 የእኛ ወገኖች ከሪያድና ከጅዳ በጅምላ ሲባረሩ ስናለቅስ፣ እዚያው መንገድ ላይ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ማን እንዳለቀሰ ያስታወሰ ነበርን?

«ዓረብ ቤት»

የመናዊውን ለማወቅ ደግሞ ባሕር መሻገር እንኳ አላስፈለገንም ነበር። መጥቶልን ነበርና! የአዲስ አበባ ሰው ለረጅም ዘመን ሱቅን «ዓረብ ቤት» ነበር የሚለው። «ዓረብ ቤት ሂድና ስኳር ይዘህ ና» ያልተባለ የዚያ ዘመን ልጅ ማን ነው? ስኳሩን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ላምባውን በጠርሙስ ቀድቶ፣ ዱቤውን በደብተር ጽፎ የሚሰጠን ያ ሰው ከየመን ደጋ፣ በብዛትም ከታይዝ አካባቢ፣ ኢማሞቹ አገሩን ዘግተው ሕዝቡን በድንቁርናና በግብር ባስጨነቁበት ዘመን የሸሸ ድሀ ገበሬ ነበር። ባንኮኒው ላይ ይውላል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ይተኛል። ያጠራቀማትን ወደ መንደሩ ይልካል። እኛ ግን ስሙን እንኳ አንጠይቀውም፤ «ዓረቡ» ነው። ሱቅ፣ ሳሙና፣ ሰሃን የሚሉት ቃላት ከቋንቋው ወጥተው በአፋችን ሲገቡ እሱ ግን ከባንኮኒው ማዶ እንደቀረ ኖረ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ንግዱ ሲጠብቅና ሀብት ሲወረስ አብዛኛው ሄደ። እዚህም ላይ ታሪክ አንድ ቀልድ አላት። ደርግ «ዓረቦች ሊውጡን ነው» እያለ በሬዲዮ በሚፎክርበት በ1977 እና በ1978 የሶማሊያ ጦርነት፣ ደቡብ የመን ወታደሮቿን ከኢትዮጵያ ጎን አሰልፋ ነበር። በ1981ም ኢትዮጵያ፣ ሊቢያና ደቡብ የመን ዓደን ላይ የትብብር ውል ተፈራርመዋል። ለምድራችን ስለተዋጋው የየመን ወታደር የሚያወሳ ስንት ገጽ አለን?

የእኔ ወይዘሮ አባት ሱቃቸውን ዘግተው «ቤት ሳሰናዳ አስመጣችኋለሁ» ብለው ወደ ታይዝ ሄዱ። ደብዳቤ ለጥቂት ዓመታት መጣ፤ ከዚያ ቀረ። ልጅቱ አድጋ፣ ተድራ፣ ወልዳ በ1990ዎቹ የአባቷን ዘመዶች ፍለጋ ሄደች። «ምን ሆነ መሰለህ ልጄ፣» አሉኝ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «እዚህ ስኖር ዓረቧ ነበርኩ። እዚያ ስደርስ ሐበሻዋ ሆንኩ። ወንድሜ በደንብ ተቀብሎኛል፤ ሚስቱ ግን ለሰው ስታስተዋውቀኝ ሙወለዳ ትለኛለች። ክልስ ማለቷ ነው።»

ሙወለድ! ከየመናዊ አባትና ከባዕድ እናት የተወለደ ማለት ነው። እዚያ ሙሉ ሰው የማይባል፣ እዚህ ደግሞ ሙሉ ሐበሻ የማይባል። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚተርክ ልብ ወለድ ቢኖር ምንኛ ደግ ነበር ትሉ ይሆናል። አለ።

ከደብረ ብርሃን የወጣው ደራሲ

መሐመድ አብዱልወሊ ይባላል። ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ደብረ ብርሃን ተወለደ። አዲስ አበባ በየመን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያ ካይሮ፣ ከዚያም ሞስኮ ሄዶ ሥነ ጽሑፍ አጠና። ከ1962ቱ የየመን አብዮት በኋላ በዲፕሎማትነት አገለገለ፤ ታሰረም። በ1973 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የዘመናዊው የየመን ልብ ወለድ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። የታወቀው ሥራው «ባዕድ ሆነው ይሞታሉ» ሊባል የሚችል አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ቦታው የእኛው ስድስት ኪሎ ነው። ባለታሪኩ ሱቅ ያለው የመናዊ ነው፤ ሚስቱንና ልጁን መንደር ትቶ የመጣ፣ እዚያ ቤት ለማሠራት እዚህ እንደ ውሻ የሚኖር፣ ከአንዲት ድሀ ሴት የወለደውን ሕፃን «የእኔ አይደለም» ብሎ የሚክድ ሰው። ደራሲው ለወገኑ አላደላም። የአባቱን ሕዝብ ጭካኔ ፊት ለፊት አውጥቶ አሳየ፤ የእናቱን አገር ልጆች መከራም ጻፈ።

እስቲ አስቡት። ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ሠፈራችን ሱቅ፣ ስለ ከተማችን ሴቶች የተጻፈ፣ በዓረቡ ዓለም የሚነበብ መጽሐፍ አለ፤ ደራሲውም የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በሥነ ጽሑፍ መድረኮቻችን ስንት ጊዜ ሰማነው? ከነጭ አገር የመጣ መንገደኛ ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ስለ እኛ የጻፈውን አንገታችንን ደፍተን እናነባለን፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገውን ግን ስሙ «ዓረብ» ስለሆነ አልቆጠርነውም። የመንን ገዛን የምንለውን ያህል የመን የጻፈችልንን ብናነብ ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰዎች በሆንን ነበር።

በበሩ ላይ

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ባብ ኤል መንደብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ከምንሄደው ያንሳል። በዓረብኛ «የልቅሶ በር» ማለት ነው። ስሙ ዛሬም ሥራ አልፈታም። በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን በጀልባ የገባው ስደተኛ ከ130,000 በላይ ነበር፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ነው። የሚሄደው የመን ሊኖር ሳይሆን በየመን አልፎ ሳዑዲ ሊገባ ነው፤ የሚያልፈውም በጦርነት መሐል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እንደገመተው፣ በየመኑ ጦርነት እስከ 2021 መጨረሻ 377,000 ሰው አልቋል፤ የሚበዛው የሞተው በጥይት ሳይሆን በረሃብና በበሽታ ነው። በመጋቢት 2021 በሰንዓ የስደተኞች ማጎሪያ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሰዎች ተቃጥለው ሞቱ፤ አብዛኞቹ የእኛ ልጆች ነበሩ። ጠባቂዎቹ የሑሢዎች ታጣቂዎች ናቸው። ይህ ወንጀል ነው፤ ወንጀል መሆኑን ለመናገር ግን «ገዝተናችሁ ነበር» ማለት አያስፈልግም። በመንገዱ ላይ ስደተኛውን አስሮ እያሠቃየ ከቤተሰቡ ገንዘብ የሚያስልክ ደላላ የመናዊም አለበት፣ ሐበሻም አለበት። ውሃና እንጀራ የሚሰጥም የመናዊ አለበት፤ እሱ ራሱ ተፈናቅሎ በድንኳን እየኖረ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱን ሸሽተው ወደ እኛ የመጡ የመናውያን አሉ። ምግብ ቤት ከፍተው ይሠራሉ፤ እኛም እየበላን «ዓረቦቹ» እንላቸዋለን። ሰማንያ ዓመት አልፎ ቃሉ አልተለወጠም!

ፉከራው የራሱ መንትያ እንዳለውም ልንገራችሁ። በየመን ከተሞች ጎዳና የሚጠርጉ፣ ቆሻሻ የሚያነሡ፣ ከከተማ ጥግ በቆርቆሮና በካርቶን ጎጆ የሚኖሩ ጥቁር ሰዎች አሉ። «አኽዳም» ይሏቸዋል፤ አገልጋዮች ማለት ነው። እነሱ ራሳቸውን ሙሐመሺን፣ የተገፉ፣ ብለው መጠራት ይመርጣሉ። በዓረብኛ ይናገራሉ፣ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሌላ አገር የላቸውም። ሆኖም ብዙ የመናዊ ስለ እነሱ ሲጠየቅ፣ «እነዚህ የአብርሃ ወታደሮች ዘር ናቸው፤ ገዝተውን ነበርና ተሸንፈው ቀሩ» ይላል። ይህንን የሚያጸና የታሪክ ማስረጃ የለም፤ ሰውን ለመግፋት ግን ማስረጃ አይጠየቅም። አያችሁ? እኛ እዚህ ስድስተኛውን መቶ ዓመት አንሥተን እንኮራለን፤ እነሱ እዚያ ያንኑ አንሥተው ደካማ ይረግጣሉ። አንዱ ተረት በዚህ ዳር ጭብጨባ፣ በዚያ ዳር መጥረጊያ ሆኗል። የእኛን ስንጥል የእነሱንም «ጣሉት» ለማለት አፍ ይኖረናል። እስከዚያው ግን የለንም።

«ታዲያ ታሪካችንን እንካድ?» የሚል አይጠፋም። ማንም ካድ አላለም። ካሌብ ይነበቡ፤ የናግራን ሰማዕታት ይነበቡ። ግን ሙሉውን አንብበው። ሱሙያፋን ጨምረህ፣ የአብርሃን ዐመፅ ጨምረህ፣ ናጃሕን ጨምረህ፣ አርዋን ጨምረህ፣ የጉለሌውን ባለሱቅ ጨምረህ አንብበው። የፊደል ገበታ የሚያስቆጥር መምህር ስለ ሳባ ፊደል አንድ ቃል ቢናገር ልጁ አይጎዳም። ዓረብኛ የሚያውቁ ስንት ተርጓሚዎች አሉን፤ አንዱ የአብዱልወሊን መጽሐፍ ቢያነሣ፣ አንዱ አሳታሚም ቢደፍር፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ወደ ቤቱ ይገባል። ሴትዮዋን ይህንኑ ነግሬአቸው ነበር። «እኔ እንኳ ማንበብ አልችል ይሆናል፣ ዓይኔ ደክሟል፤» አሉኝ፣ «ልጄ ታነብልኛለች።»

የሚቀጥለው የመጽሐፍ ምረቃ ቅርብ ነው። አንድ ሰው ብድግ ብለው «የመንን ገዝተናል» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ከአዳራሹ አንድ ሰው እንኳ ሳያጨበጭብ፣ በጨዋ ደንብ እጁን አውጥቶ፣ «እሺ ጋሼ፤ ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቅልኝ።